የተያያዙ ኮምፒዩተሮችና የእናቴ ሱቅ



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። በዚህ ዓመት መጽሔት ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር ከዚህ ምሳሌ እምብዛም የራቀ አይደለም። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች የሚሰጠው፥ ሥራን ተከፋፍለው ስለሚሠሩ፥ በመረብ ስለተያያዙና ከሰው ጋር ስለሚንቀሳቀሱ ኮምፒዩተሮች የሚያስረዳው ትምህርት ነው። እኔ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለሆንሁ ትምህርቱን አልተማርሁም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቴ ለዕረፍት ወደ ልደታ ስትመጣ ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔም ደብተሩን አነበብሁ፤ ያልገባኝንም ጠየቅሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከደብተሩ የተማርሁትን በሰፈራችን ካየሁት ጋር አጣምሬ ነው።

በመጀመሪያ፥ ሥራን ለብዙ ኮምፒዩተሮች ማከፋፈል ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ አንድ ኮምፒዩተር የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን የሚሊዮን ሰዎችን ጥያቄ ብቻውን ሊመልስ አይችልም። ሁለተኛ፥ ብቻውን የሆነ ነገር ሲበላሽ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሦስተኛ፥ ሰዎች ራሳቸው በአንድ ቦታ አይኖሩም፤ አንዱ ልደታ፥ ሌላው ጎንደር፥ ሌላው ዋሽንግተን ነው። ስለዚህ ብዙ ኮምፒዩተሮች በየቦታቸው ሆነው መልእክት እየተለዋወጡ እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ ይደረጋል።

ይህን እህቴ ስታስረዳ አባቴ በአጠገባችን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። አባቴ የእድር ጸሐፊ ናቸው። እህቴ «አባዬ፥ አንዱ ማሽን ቢቃጠል እንኳ መዝገቡ እንዳይጠፋ ግልባጩ በሌሎች ዘንድ ይቀመጣል» ስትላቸው አባቴ ሳቅ ብለው «ይህማ የእኛ እድር ነው» አሉ። እውነትም ነው። በእድራችን ዋናው መዝገብ በጸሐፊው እጅ፥ የደረሰኙ ቅጠል በገንዘብ ያዡ እጅ፥ የክፍያው ካርድ ደግሞ በእያንዳንዱ አባል ቤት ይገኛል። አንዱ ቢጠፋ ከሌሎቹ ተነሥቶ ሊጻፍ ይችላል።

«ግልባጮቹ ባይስማሙስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ለዚህም የእድሩ ደንብ መልስ አለው። ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ከዳኛው፥ ከጸሐፊውና ከገንዘብ ያዡ የሁለቱ ፊርማ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሮችም ሲመካከሩ ከግማሽ የሚበልጡት ካልተስማሙ አይወስኑም። ምክንያቱም ከሦስት ሰዎች መካከል የትኞቹንም ሁለት ብትመርጡ ከሌላ ሁለት ጋር ቢያንስ አንድ የጋራ ሰው አይታጣም፤ ያም የጋራ ሰው የቀድሞውን ውሳኔ ስለሚያውቅ ሁለት የሚቃረኑ ውሳኔዎች ሊጸድቁ አይችሉም። አራት ቢሆኑ ግን ሁለት በሁለት ተከፍለው ነገሩ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ማሽኖች ይመረጣሉ። እህቴም «መምህራችን በሁለት ሳምንት ያስተማሩንን አባዬ በአንድ ሲኒ ቡና ጨረሱት» አለች።

ስለ መረቡ አመጣጥ ጥቂት ልናገር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 29 ቀን 1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ የምርምር ተቋም ኮምፒዩተር የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊላክ የታሰበው «ሎጊን» የሚል ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደል ብቻ ከደረሰ በኋላ ግን ተቀባዩ ማሽን ወደቀ። እንግዲህ ይህ ትልቅ ነገር ገና ከጅምሩ በመቋረጥ እንደጀመረ ልብ በሉ። ወደ አገራችን ስንመለስ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሲሆን፥ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክና የቴሌግራም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። በዚህ ዘዴ ደብዳቤዎቹ በአንድ ማሽን ይጠራቀሙና መስመሩ ሲገኝ በስልክ ተደውሎ በአንድነት ይላካሉ፤ የመጣውም በዚያው ይወሰዳል። ከዚያም ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997፥ የሞባይል ስልክ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ።

በመረቡ ውስጥ መልእክት እንዳለ አይሄድም፤ ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይከፈላል። ከልደታ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰፊ ቤተሰብ በአንድ ታክሲ ስለማይበቃ አንዱ በአብነት፥ ሌላው በተክለ ሃይማኖት በኩል ሄዶ እዚያ እንደሚሰባሰብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ስላለው ቀድሞ የደረሰው ኋለኛውን ይጠብቃል፤ የጠፋም ካለ እንደገና ይላካል።

ልደታ ስለዚህ ትምህርት የምትናገረው ሌላም ነገር አላት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ የሰሜን ደቡቡ መስመር በመስከረም፥ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ በጥቅምት ተከፈተ። ከዳርማር በኩል የሚመጣውና ከኮካኮላ በኩል የሚመጣው መስመር ልደታ ላይ እንዲገናኙ ሆነው ተሠሩ። ከዚያም ልደታን፥ ተግባረ ዕድን፥ ሜክሲኮን፥ ለገሃርንና ስታዲየምን ይዘው በአንድ ሐዲድ እንዲያልፉ ተደረገ። ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ ወደ አንዱ ሐዲድ ሊገቡ አይችሉም፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው በምልክት ይቆማል። ሁለት ኮምፒዩተሮችም አንድን ሒሳብ በአንድ ጊዜ ሊለውጡ ሲፈልጉ እንዲሁ ተራ መጠበቅ አለባቸው። አለበለዚያ በአንድ 1000 ብር ላይ ሁለት ሰዎች 1000፥ 1000 ብር ያወጣሉ።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳነሣሣኝ ነገር ልምጣ። እናቴ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አነስተኛ ሱቅ አላቸው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፥ ዝናብ እየጣለ ሳለ፥ በአቅራቢያችን በሚሠራ ሕንፃ ላይ በግንበኝነት የሚሠራ አንድ ወጣት ዘይትና ዱቄት ገዝቶ 640 ብር በስልኩ ላከ። ስልኩም ሲያስብ ቆየና «ተሳካ» ሳይል፥ «አልተሳካም»ም ሳይል ቀረ። ወደ እናቴ ስልክም መልእክት አልመጣም። ወጣቱ «እማማ፥ ከእኔ ወጥቷል» አለ። እናቴም «ልጄ፥ ወደ እኔ ግን አልገባም» አሉት። ሁለቱም የሚያውቁትን እውነት ነበር የተናገሩት። ነገር ግን ከኋላ ከቆሙት ገዢዎች አንዱ «እንዲህ እያሉ የሚያጭበረብሩ በዝተዋል» ሲል የወጣቱ ፊት ተለወጠ። ከኪሱ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ከፈለና አንድም ቃል ሳይጨምር በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት የ640 ብሩ መልእክት በእናቴ ስልክ ገባ። ገንዘቡ ያን ጊዜውኑ ደርሶ ኖሯል፤ የዘገየው ወሬው ነበር። እናቴ «የሰው ላብ በእጄ አለ» እያሉ እንቅልፍ አጡ። ወጣቱም ወደ ሱቁ ዳግመኛ አልመጣም። እህቴ ገንዘቡን በስልክ መልሶ መላክ እንደሚቻል ብትነግራቸው «ገንዘቡን ስልክ ይመልስለት ይሆናል፤ ስሙን ግን ማን ይመልስለታል?» አሉ። በአምስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሕንፃው ሄዱና በሥራ ባልደረቦቹ ፊት 640 ብሩን በእጁ ሰጡት፤ ሁለት ጊዜ መክፈሉንም ሁሉም እንዲሰሙ ተናገሩ። ወጣቱ በትሕትና አመስግኖ ተቀበለ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ከሱቃችን ሲገዛ አላየነውም።

ከዚያ በኋላ የእህቴን ደብተር እንደገና ገልጬ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብሁ። አንድ ኮምፒዩተር ለሌላው ጥያቄ ልኮ መልስ ቢያጣ ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ወይ ጥያቄው ሲሄድ ጠፍቷል፤ ወይ ተቀባዩ በሥራው መካከል ወድቋል፤ ወይም ሥራው ተሠርቶ መልሱ ሲመለስ ጠፍቷል ወይም ዘግይቷል። ለላኪው ሦስቱም አንድ ይመስሉታል። የዘገየውን ከሞተው ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም።

«ታዲያ ተቀባዩ መቀበሉን፥ ላኪውም የመቀበሉን ወሬ መስማቱን ቢያረጋግጥ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። አይበቃም። በገደል ማዶና ማዶ የሰፈሩ ሁለት የጦር አለቆች በአንድ ቀን ለመዝመት መልእክተኛ ቢላላኩ፥ የመጨረሻው መልእክተኛ በመንገድ መቅረት አለመቅረቱን የላከው አለቃ ፈጽሞ አያውቅም። አንድ ተጨማሪ መልእክተኛ ቢልኩም ጥርጣሬው ወደዚያኛው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጥርጣሬውን ማጥፋት ትተው ጉዳቱን የሚያስቀር ዘዴ ፈጠሩ። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልስ ካልመጣ ያው ክፍያ በዚያው ቁጥር ይደገማል። ተቀባዩም ቁጥሩን በመዝገቡ ካገኘው «ቀድሞ ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል እንጂ ሁለተኛ አይቆጥርም። እንዲህ ከሆነ አሥር ጊዜ ቢላክም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው።

የሰዓትም ጉዳይ አለ። እናቴ በደብተራቸው ሽያጩን «5 ሰዓት» ብለው ጽፈው ነበር፤ የስልኩ መልእክት ግን 11 ሰዓት ይላል። ሁለቱ አንድ ሰዓት መሆናቸውን እኛ ኢትዮጵያውያን ወዲያው እናውቃለን። የኮምፒዩተሮች ሰዓት ግን ሳይታወቅ በጥቂቱ ይለያያል። ሌስሊ ላምፖርት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ሰዓቱን ከመጠየቅ ይልቅ የትኛው ነገር ከየትኛው እንደሚቀድም መቁጠር እንደሚቻል አሳየ። መልእክት ከመላኩ በፊት ሊደርስ አይችልምና፥ ከዚህ ቀላል እውነት ተነሥቶ ቅደም ተከተሉን በቁጥር አስቀመጠ።

ስለ ሞባይል በአጭሩ ላክል። የስልክ ምሰሶ እያንዳንዱ የራሱ አጥቢያ አለው። በባቡር ሆኖ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ እያወራ የሚሄድን ሰው አንዱ ምሰሶ ለሚቀጥለው ያስረክበዋል፤ ሰውየውም አይሰማውም። ባትሪው ግን ያልቃል፤ መስመሩም ይደክማል። ስለዚህ መልካም የሞባይል ፕሮግራም መስመር ሲጠፋ ሥራውን በራሱ ይዞ ቆይቶ፥ መስመር ሲመለስ እንደ ጥንቱ ፊዶኔት ማስረከብ አለበት።

ማሽን ሲሳሳት ደግሞ የሰው ጠባይ ይፈተናል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ደርሶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያች ሌሊት በገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጾ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቀ። እናቴ ይህን ሰምተው ነበር፤ ለዚያ ወጣት ገንዘቡን ሊመልሱ ሲሄዱ ግን የጠየቃቸው ማንም አልነበረም።

ወንድሞቼና እህቶቼ የሆናችሁ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ነገ ይህን ትምህርት እንማር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም የምንጽፈው መስመሩ ለማይቋረጥበት ሰው ብቻ ሳይሆን፥ በዝናብ ቆሞ 640 ብሩን ለሚጠብቅ ግንበኛም ይሁን። የሆነውን ባላወቀ ጊዜ ማሽኑ ዝም ከሚል «ገና አላወቅሁም፤ ጥቂት ጠብቁ» እንዲል እናድርገው። ሌሎቻችን፥ ሻጭም እንሁን ገዢ፥ መምህርም እንሁን ወላጅ፥ ይህን ለማድረግ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻንም። ወሬው ስላልደረሰን ነገሩ አልተደረገም ብለን በሰው ላይ አንፍረድ።