አንዲት ሴኮንድ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ከቁጥር ጋር ያለው ዝምድና ልዩ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ ማታ አንዲት ብር ብትጎድል ሒሳቡ አይዘጋም፤ እኔም ወደ ቤቴ አልሄድም። የጆርጂያዊው የነፃ ትግል ተጋጣሚ የጌኖ ፔትሪያሽቪሊ ታሪክ ከልቤ አልወጣ ያለውም ምናልባት ለዚሁ ይሆናል።

ጌኖ በ125 ኪሎ ግራም ምድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘ። ከ2017 እስከ 2019 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የቀረችው የኦሊምፒክ ወርቅ ብቻ ነበረች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ከአሜሪካዊው ጌብል ስቲቭሰን ጋር ገጠመ። ሊያበቃ ከ15 ሴኮንድ በታች ሲቀር 8 ለ 5 ይመራ ነበር። አሜሪካዊው ሁለት ነጥብ ወሰደ፤ 8 ለ 7። የቀረው ጊዜ አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ሁለት ደገመ። የጆርጂያ ወገን «ይታይልን» ቢል ተቀባይነት አጣ፤ ለዚያም ቅጣት አንድ ነጥብ ተጨምሮ ውጤቱ 10 ለ 8 ሆነ።

ጆርጂያ ትግልን ከልቧ የምትወድ አገር ናት። «ጪዳኦባ» የሚሉት ባህላዊ ትግላቸው በከበሮና በዙርና ዜማ ይታጀባል፤ ዩኔስኮም በ2018 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በ1972 እና በ1976 ለሶቪየት ኅብረት ወርቅ ያመጣው ሌቫን ቴዲያሽቪሊ የዚያች ምድር ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ እያየ፣ እጅ የገባን ድል በመጨረሻዋ ቅጽበት ማጣት ምንኛ ይከብዳል!

በዚያው ዓመት የግጥም ስብስቤ ከአንድ አሳታሚ ዘንድ ተመልሶልኝ ነበር። «ጥቂት ቀርቶታል» ተብዬ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ጥቂት የቀረው ነገር ብዙ ከቀረው ይልቅ ያማልና።

ጌኖ ግን ወደ ምንጣፉ ተመለሰ። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በኢራናዊው አሚር ሆሴን ተሸነፈ፤ አሁንም ተመለሰ። በ2024 ፓሪስ ላይ፣ በ30 ዓመቱ፣ ያንኑ ኢራናዊ በፍጻሜው አገኘውና 10 ለ 9 አሸነፈው። በአንዲት ነጥብ!

በእኛ ሙያ ቋንቋ «ሒሳቡ ተዘጋ» ይባል ይሆናል። እኔ ግን አልተዘጋም እላለሁ። የቶኪዮዋ ሴኮንድ ዛሬም ጎዶሎ ናት፤ የፓሪስ ወርቅ አይሞላትም። ጌኖን የወደድኩት ጉድለቱን ስለሞላ ሳይሆን፣ ከነጉድለቱ ስለተመለሰ ነው።

የፓሪሱን ፍጻሜ ባየሁ ማግስት መሳቢያዬን ከፈትኩ። አሳታሚው እውነቱን ነበር፤ ከግጥሞቹ አብዛኞቹ ጥቂት ይጎድላቸዋል። አራቱን ለይቼ አስቀረሁ። አምስተኛውን እየጻፍኩ ነው።