በኸርበርት ወንዝ ዳር፤ ሸንኰራ አገዳ በየስንዝሩ የሚመዘንበት አገር

በአውስትራልያ ሰሜን ምሥራቅ ኵዊንስላንድ በሚባለው ግዛት፥ ታውንስቪል ከምትባል የወደብ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ኢንግሃም ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ያለችው በኸርበርት ወንዝ ሜዳ ላይ ነው። በስተምዕራብ ደን የለበሰ ተራራ፥ በስተምሥራቅ ባሕርና ደሴት ይታያል፤ በመካከሉ ግን ዐይን እስኪደክም ድረስ ያለው ኹሉ ሸንኰራ አገዳ ነው። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ይዘንማልና ምድሪቱ ውሃ አይጐድላትም፤ እንዲያውም የሚያስቸግራት የውሃው መብዛት ነው።

የዚህ አገር ስኳር በላብ ብቻ ሳይኾን በዕንባም የተገኘ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1863 እስከ 1904 ድረስ 60 ሺሕ ያህል የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች ለእርሻ ሥራ ወደ ኵዊንስላንድ ተወሰዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተታለውና ተገደው የመጡ ነበሩ። በ1891 ደግሞ ኢጣልያኖች ገቡ፤ ከልጅ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ ዛሬ ባለእርሻዎች ናቸው። ዛሬ ግን በእርሻው ውስጥ ገጀራ የያዘ ሠራተኛ አይታይም፤ አጫጁ መኪና ነው።

መከሩ በሰኔ ተጀምሮ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። መኪናው አገዳውን ከሥሩ ቈርጦ፥ በስንዝር በስንዝር ከታትፎ፥ በማንሻው አውጥቶ በጐኑ ከሚሄደው ጋሪ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያም ሐዲዱ 610 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚሰፋ ትንሽ ባቡር ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካውም የእያንዳንዱን ገበሬ አገዳ መዝኖ፥ ጣፋጭነቱንም መርምሮ ዋጋውን ይከፍላል። ስለዚህ ገበሬው እርሻው በጠቅላላው ምን ያህል እንደ ሰጠ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ከእርሻው የትኛው ስፍራ እንደ ሰጠና የትኛው እንደ ነፈገ ግን ተሰውሮበት ኖረ።

ይህን ምስጢር ለመግለጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በደቡብ ኵዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት በአጫጁ መኪና ማንሻ ላይ ሚዛን አኖሩ። ሌሎችም አገዳውን የሚከታትፈውን ስለት የሚያዞረውን ዘይት ግፊት በመለካት የአገዳውን ብዛት ለማወቅ ሞከሩ። ሚዛኑ ስንት እንደ ኾነ ሲናገር፥ ሳተላይት ደግሞ መኪናው በዚያች ቅጽበት የት እንደ ቆመ ይናገራል። ኹለቱ ቃሎች ሲገናኙ የእርሻው ካርታ ይወጣል፤ የሰባው ስፍራ በአንድ ቀለም፥ የከሳው በሌላ ቀለም ተለይቶ ይታያል።

በዚህም ከመንገድ ሲያዩት አንድ ዐይነት የሚመስለው እርሻ አንድ እንዳልኾነ ታወቀ። በአንዱ ዘንድ ውሃ ተኝቶበታል፤ በሌላው ዘንድ አፈሩ አሸዋ ነው፤ በሌላው ደግሞ የመኪና ጐማ ምድሩን ረግጦ አጠንክሮታል። በቀድሞው ልማድ በመደዳና በመደዳ መካከል 1.5 ሜትር ያህል ሲኾን፥ የመኪናው ጐማዎች ርቀት ግን ከ1.8 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ ጐማው አገዳው መልሶ የሚያቈጠቍጥበትን ጉቶ ይረግጥ ነበር። አኹን ብዙ ገበሬዎች መደዳውን አስፍተው መኪናውን በሳተላይት ይመሩታል፤ መሪውም ከኹለት ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ አይስትም።

ነገሩ ለገበሬው ኪስ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የኸርበርት ወንዝ የሚፈሰው 2,300 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው በታላቁ የኮራል ድንጋይ አጥር ውስጥ ወዳለው ባሕር ነው። አገዳው ያልበላው ማዳበሪያ በዝናም ታጥቦ ወደዚያ ይወርዳል፤ ውሃውንም አበላሽቶ ኮራሉን ይጐዳል። ስለዚህ በ2009 የኵዊንስላንድ መንግሥት የማዳበሪያን አጠቃቀም በሕግ ወሰነ። ብልኅ እመቤት ለሕፃኑና ለጐልማሳው እኩል እንደማታቀርብ፥ ካርታ ያለው ገበሬም ለእያንዳንዱ ስፍራ በሚችለው ልክ ይመግበዋል።

ነገር ግን ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል። መኪናው ሲንገጫገጭ፥ ጭቃና ቅጠልም ከአገዳው ጋር ሲወጣ ሚዛኑ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቍጥሩን ከፋብሪካው ሚዛን ጋር ማስተያየት የግድ ነው። የአንድ ዓመት ካርታም የዚያን ዓመት ዝናም እንጂ የምድሩን ጠባይ ላይገልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ካርታው አገዳው የት እንደ ከሳ ይናገራል እንጂ ስለምን እንደ ከሳ አይናገርም። ምክንያቱን የሚያገኝ አፈሩን የቈፈረና በዚያ ምድር ያረጀውን ሰው የጠየቀ ነው። ዋጋውም ለትንሽ ገበሬ ከባድ ነው።

በአገራችንም በ1954 በአዋሽ ወንዝ ዳር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ የአገዳ ሥራ የታወቀ ነው። አገዳ በእጅ በሚቈረጥበት ስፍራ በመኪና ላይ የሚኖር ሚዛን ባይገኝም፥ የእያንዳንዱን ማሳ አገዳ ለብቻው መዝኖ በመዝገብ መጻፍ፥ መዝገቡንም ከዓመት ዓመት ማስተያየት ለማንም የሚቻል ነው። የኸርበርት ገበሬዎችም ወደ ሳተላይቱ የደረሱት ከፋብሪካው ሚዛን ጀምረው ነው፤ አስቀድሞ መዝገብ ያልያዘ ሰው ካርታውን ቢያገኝ እንኳ የሚያስተያየው ነገር አይኖረውም።