ለልጄ፣ ሳይት ከመግባትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

  ሰኞ ደብረ ብርሃን በቤተሰባችን የግንባታ ድርጅት ሥራ ትጀምሪያለሽ። ምህንድስናውን ተምረሽዋል፤ የዚያን አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን አታውቂውም። የተሞላ አርማታ ሳይሸፈን አይደር፤ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ አይለየው።

ከሁሉ በላይ መምከር የፈለግሁት ግን ስለ ሠራተኞቹ ነው። የቤተሰብ ድርጅትን የሚጎዳው፣ እድገት በዝምድና የሚሰጥ መምሰሉ ነው። ጎበዝ አናጢ ወይም ፌራዮ፣ ፎርማንነቱ ለባለቤቱ ዘመድ የተያዘ ከመሰለው ዕቃውን ሰብስቦ ሌላ ተቋራጭ ጋ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ የአጎትሽ ልጅ ሥራ ቢጠይቅሽ፣ እናትሽም ብታማልድለት፣ እንደ ማንኛውም ሰው የብቃት ማረጋገጫውን ይዞ ይፈተን። ፎርማኑንም «እርስዎ» በያቸው፤ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ በዚህ ሙያ የኖሩ ሰው ናቸው።

ባሬላ የሚሸከሙትን ሴቶች ልብ ብለሽ እያቸው። ብዙዎቹ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እዚያው የቀን ሥራ ላይ ናቸው። ብረት ማሰር ወይም ልስን የሚያሳያቸው አጥተው እንጂ ሙያው ከብዷቸው አይደለም። ከየባለሙያው ጋር አንዲት ለማጅ መድቢ፤ ስትችል ክፍያዋም የባለሙያ ይሁን። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚመጡትንም ልጆች ሲሚንቶ አሸክመሽ አትመልሻቸው፤ ፕላን ያንብቡ፣ ውኃ ልክ ይያዙ። ለሥራ የሚመጣውን ሁሉ ዕድሜ ጠይቂ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ 18 ያልሞላውም አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም አይሠራም።

ማኅበረሰቡን ስለ መርዳት ጠይቀሽኝ ነበር። ለተማሪዎች ደብተር መስጠት መልካም ነው፤ እንቀጥልበታለን። ከዚያ የሚቀድመው ግን በእኛ ሥራ ጎረቤት እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። አፈርና ድንጋይ ያወጣንበት ጉድጓድ ክረምት ውኃ ሲይዝ ልጅም ከብትም ይበላል። ሰኔ ሳይገባ ተሞልቶ ይደልደል፤ ለእርሱ የሚወጣውን ናፍጣ አትሰስቺ። መኪኖቻችን የሚመላለሱበትም መንገድ ውኃ ይርከፍከፍበት፤ አቧራውን የሚተነፍሱት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

የቀን ሠራተኛው ክፍያ ከቀኑ አይለፍ። ገንዘብ ከቢሮ ከዘገየብሽ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።

አባትሽ