ማስፈራሪያው እንዴት እንደሚሠራ ለልጆቻችን እናሳያቸው



በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራችን ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው ጭንቀት አለ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሙታን ተነሥተው ሰው ሲበሉ የሚያሳይ ፊልም ያይና ማታ ብቻዬን አልተኛም ይላል። ወላጅም «ውሸት ነው፣ ተኛ» ይለዋል። ነገር ግን ልጁ በዓይኑ ያየውን ነገር በቃል ብቻ ውሸት ነው ማለት አይበቃውም።

እኛ የምንመክረው ውሸቱ ሲሠራ እንዲያይ ነው። በዲቪዲና በብሉሬይ ከሚሸጡት ታዋቂ አስፈሪ ፊልሞች ብዙዎቹ፣ ከፊልሙ ሌላ አሠራሩን የሚያሳይ ተጨማሪ ክፍል አላቸው።

ለምሳሌ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለውን እንውሰድ። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ ከፒትስበርግ ከተማ ብዙም ሳይርቁ ቀረጹት፤ በ1968 ለሕዝብ ታየ። የፈጀው ገንዘብ 114,000 ዶላር ያህል ነበር። በ2018 በወጣው ዲስክ ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ስለ ሥራቸው ይናገራሉ። ደም መስሎ የሚታየው ፈሳሽ ቸኮሌት ነበር፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አይለየውም። ሙታን ሆነው የሚንገዳገዱትም የሠሪዎቹ ወዳጆችና የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይህን የመሰለ ክፍል ስናይ፣ አገር ቤት ብረት ሠሪ የነበሩት አባት «ቁስሉን በምን አጣበቁት?» እያሉ ጠጋ ብለው ይመለከቱ ጀመር። እንግሊዝኛውን አባትም ልጅም አልሰሙትም፤ የእጅ ሥራ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሌላ ቀን ዕብራይስጡን ለአባቱ የሚያስረዳው ልጁ ነው፤ በዚያ ምሽት ግን አስረጂው አባት ሆኑ።

ነገሩ ለእኛ ወገን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው የሚኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ሆነው ሬሳ ይበላሉ» ይባሉ ነበር። ይህን የሚለው ጎረቤት ማረሻውንና ማሰሮውን ይገዛል፤ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ አሠራሩን ግን አላየም። ካለማየቱ ፍርሃት፣ ከፍርሃቱም ጥላቻ መጣ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፊልሙ ራሱ ለሕፃናት አይሆንም። ተጨማሪውም ክፍል አስፈሪ ቁራጮች ስለሚኖሩት በመጀመሪያ ለብቻችሁ እዩት። ከዚያ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ይህን በምን የሠሩት ይመስልሃል?» እያላችሁ ጠይቁት። ፍርሃቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለእኛ ለመንገር አትፈሩ። የልጅ ፍርሃት ለቤተሰቡ ነውር አይደለም።

ሰላም እደሩ።