የዶክተር ሜራብ መድኃኒት ቤት

ፒያሳ ሲነሳ እኔ ከወርቅ ቤቱም ከኬክ ቤቱም አስቀድሜ የማስበው አንድ ጆርጂያዊ ሐኪም ነው። ዶክተር ሜራብ አዲስ አበባ የገቡት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ የታመሙበት ዘመን። በ1910 እ.ኤ.አ. እዚያው ፒያሳ መድኃኒት ቤት ከፈቱና በአገራቸው በጆርጂያ ስም ሰየሙት። የናፍቆት ነገር!

እስቲ አስቡት፤ ፊታቸው የሚቀመጠው በሽተኛ ጠበሉንም ክታቡንም ሞክሮ የመጣ ነው። በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። አበባው ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጨለጣል፤ ያን ቀን ሰውዬው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ይህን የትኛው የአውሮፓ ትምህርት ቤት ያስተምራል?

ሜራብ ያዩትን ሁሉ አልወደዱትም። ግን ጠየቁ፣ ጻፉ። በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና ፓሪስ ላይ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ኋላም ስለ አገራችን ያዩትን በ3 ቅጽ አወጡ። የማከብርላቸው ይህንን ነው፤ ሐኪም ከመድኃኒቱ በፊት ሰውየውን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁና።

ዛሬ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ተመርቀው ባሕር ማዶ የሚያክሙ የእኛ ልጆች አሉ። ሲደውሉልኝ ከደመወዙና ከብርዱ አስቀድሜ፣ በሽተኞቻቸው ምን እንደሚበሉ፣ ሲታመሙ ማንን እንደሚጠሩ እጠይቃቸዋለሁ።