ስለ ሴቶች የፍቅር ዘፈን

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ዜማ ማለት ማሕሌት ብቻ ነው፤ ዘፈን ግን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው እያልን አደግን። በፍርድ ቤት ጸሐፊነትም ብዙ ዘመን ሳገለግል ከዚህ አሳብ ሳልወጣ ቈየሁ። ባለፈው ዓመት ግን አሳቤን የሚለውጥ ነገር በቤቴ ስለ ደረሰ፥ ለወላጆች ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ።

አንድ የተከበረ ቤተ ሰብ 22 ዓመት የሞላትን ሴት ልጄን ለልጁ ለማጋባት ሽማግሌ ላከብኝ። ነገሩ ደስ ስላሰኘኝ ከእናቷ ጋራ ተማክሬ፥ እርሷን ግን ሳልጠይቅ፥ እሺ ለማለት ቀን ቈረጥሁ። በዋዜማው ማታ ልጄ የእናቷን አሮጌ ካሴት ከፍታ የአስናቀች ወርቁን የክራር ዘፈን ስትሰማ አገኘኋትና፥ «ይህ የአዝማሪ ነገር ምን ይጠቅምሻል?» አልኋት። እርሷም አንገቷን ደፍታ፥ «አባባ፥ በሠርግ ዘፈን ሰው ሁሉ ስለ ሙሽራዪቱ ይዘፍናል፤ እርሷ ግን ዝም ትላለች። በዚህኛው ሴቲቱ ስለ ራሷ ትናገራለች» ብላ መለሰችልኝ።

ይህ ቃል ከልቤ ስላልወጣ፥ ሌሊቱን ካሴቶቹን እንደ መዝገብ ስመረምር አደርሁ። በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች፥ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የዘፈነችው ብዙነሽ በቀለ፥ ኋላም በአሜሪካ ኖራ የዘፈነችው አስቴር አወቀ፥ በየዘመናቸው ናፍቆትንና ወቀሳን ያሰማሉ፤ የሚፈልጉትም የሚታመን ልብ ነው። በዚያን ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያነበብሁት መኃልየ መኃልይ ትዝ አለኝ፤ በምዕራፍ 3 ሴቲቱ የምትወደውን ሰው በሌሊት በከተማ ስትፈልግ ትታያለች። አባቶች ይህን ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ፍቅር ይተረጕሙታል። የሴት ፍለጋ ነውር ቢሆን ኖሮ ለዚህ ታላቅ ምሥጢር ምሳሌ ባልሆነም ነበር።

ነገር ግን በሰማኋቸው ዘፈኖች አንድ የሚያሳዝን ነገር አገኘሁ፤ ይኸውም ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው ሰውዬው ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። ትዝታ የሚባለው ቅኝትም ስሙ ራሱ ያለፈውን ማስታወስ ነው። በችሎትም የማየው ይኸው ነው፤ ሳትጠየቅ የተዳረች ሴት ቃሏ መጀመሪያ የሚጻፈው በፍች መዝገብ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ነው ይላል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በእጄ ጽፌ፥ በገዛ ቤቴ ግን ረሳሁት።

ሲነጋ ልጄን ጠርቼ ፈቃዷን ጠየቅኋት። እርሷም፥ «ሰውየውን ሳላውቀው እሺ ማለት አልችልም፤ ጊዜ ይስጡኝ» አለችኝ። ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው ቅር ብሏቸው ሄዱ። እኔም አፈርሁ፤ ነገር ግን አልተጸጸትሁም።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፥ ሴት ልጃችሁ ኋላ በትዝታ የምትናገረውን ዛሬ በቤታችሁ ትናገር ዘንድ ጠይቋት።