ክፍሉ ሲዘጋ የማንጎው ጥላ ክፍት ነበር

መጋቢት 7 ቀን 2012 የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ከተገኘ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መዝጋቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ በሽታው የሚታወቀው ጥቂት ነበር፤ ልጆች በአንድ ክፍል ተፋፍገው በሚማሩበት አገር ሌላ ምርጫ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። እሺ፣ ማንኩሽ ያለ ልጅስ?

ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን፣ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው ቆላ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 2012፣ እዚያው ጉባ ያለው የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ውኃ ያዘ። ጉባ የሚለው ስም በየዜናው ነበር። የጉባ ልጆች ግን ትምህርት ተዘግቶባቸው የት እንደዋሉ የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም።

ቫይረሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚበረታ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ እንደሚደክም ቆይቶ ግልጽ ሆነ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የታሰበኝ የማንጎ ዛፍ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማንጎ ጥላው ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ደርዘን ልጅ ተራርቆ ይቀመጣል። ፈረንጆቹ ከቤት ውጭ ማስተማርን ከመቶ ዓመት በፊት ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን አጠገብ፣ ሻርሎተንቡርግ በሚባል ቦታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የተጋለጡ ልጆች በጥድ ጫካ ውስጥ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ።

እኛ ግን በርሊን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ከየኔታ ፊት በዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው ፊደል የቆጠረው። በጉባና በአሶሳ በኩል ኸልዋ የሚባል የቁርዓን ትምህርት ቤት አለ፤ ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ይቀራል፣ በቃሉ ሲይዘው አጥቦ ሌላ ይጽፋል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ክፍል በዕድሜ አይደለም። ፊደሉን የጨረሰ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ያልጨረሰ እስኪጨርስ ይቆያል፤ ቀድሞ ያወቀው ትልቁ ልጅ ታናሹን ያስቀጥላል። አለንጋውን አልመኝም፤ የሚማረውን ነገር ልጁ ራሱ እንደማይመርጥም አውቃለሁ። ልጅ በራሱ ፍጥነት ይሂድ የሚለው ሐሳብ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጉሙዝ ልጅ ቀስት መወጠርን፣ ዓሣ ማጥመድን፣ ማሽላ ከወፍ መጠበቅን የሚማረው ከታላላቆቹ ጋር ውሎ፣ አይቶና ሞክሮ ነው።

ሌላም አለ። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘው፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ከፍተው ተጠቀሙበት። ይህን ሁልጊዜ በደስታ እናገራለሁ። ግን ማንበብ ካሜራ እንደመክፈት አይደለም። ማንበብ አጠገብ ተቀምጦ ጣቱን ፊደሉ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ይፈልጋል። በጉባ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነው፦ ጉሙዝኛው የሚጻፈው በላቲን፣ አማርኛው በፊደል። ልጁን ለብቻው ትተን «ራሱ ይማር» ማለት ነፃነት ሳይሆን መጣል ነው።

ስለዚህ በዚያ ጊዜ መደረግ ነበረበት የምለው ቀላል ነው። ከአንድ ሠፈር ደርዘን ያህል ልጆች፣ ትልቅም ትንሽም ተቀላቅለው፣ ከአንድ ጉሙዝኛ ከሚችል መምህር ጋር፣ ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች። ማንኩሽ በሚያዝያ እንደ ምድጃ ስለምትግል ማልደው ይገናኛሉ፣ ቀትር ሳይሆን ይበተናሉ። ጠዋት እያንዳንዱ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሲለያዩ ያየውን ያወራል። አንዱ ገበጣ ይጫወታል፣ ገበጣ ደግሞ ሒሳብ ነው። አንዷ ከሽመል የወንፊት ዓይነት ነገር ትሠራለች። ሌላው መጽሐፉን ይዞ ይገለላል። መምህሩ እየዞረ ይጠይቃል፣ የተቸገረውን ያያል፣ ማንበብ የሚፈልገውን አስቀምጦ ያስነብባል። ዝናቡ ሲጀምር ዳስ ይጣላል። ወባው ስለሚብስም የአጎበሩ ነገር ከእናቶች ጋር ይነሣል።

እናቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ የሴት ልጆች ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። «የምትፈልጊውን ምረጪ» የሚባለው ጊዜ ላላት ልጅ ነው። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ታናሿን አዝላ የምትውል ልጅ ከምን ትመርጣለች? ትምህርት ሲዘጋ መጀመሪያ በሥራ የተዋጠችው እሷ ናት። ስለዚህ ዛፍ ሥር ለሚደረገው ትምህርት የመጀመሪያው ሥራ ከእናቷ ጋር መነጋገር ነው፦ ውኃውን ቀድታ ትምጣ፣ ሕፃኑንም ይዛው ትምጣ፣ እኛ እንይዘዋለን። ይህ ሳይደረግ ጥላው ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ይሆናሉ።

ከዚያ ሌላ መከራ መጣ። ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ መተከል በግጭት እየነደደች ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው ቻግኒ ከተማ ገቡ። በሌላው ዓለም አንዳንዱ ልጆቹን በሽታ ሸሽቶ ወደ ሜዳ ሲያወጣ፣ የመተከል እናት ልጇን ከሜዳ ሸሽታ ወደ ቤት አስገባች። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል። ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት የሚቆመው በጎረቤት መተማመን ነው። ልጅህን ከእኔ ልጅ ጋር፣ ቋንቋህን ከማልሰማው ሰው ልጅ ጋር፣ ከዓይንህ ርቆ እንዲውል የምትፈቅደው ካመንከኝ ብቻ ነው። ማንጎው ሥር ጉሙዙ፣ አገው፣ አማራው፣ ሺናሻው አብረው ቢውሉ ይህን እምነት ሊያሳድጉት ይችሉ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ እምነት ከአዋቂዎቹ መበደር ነበረባቸው።

በ2012 እና በ2013 በጉባ፣ በዳንጉር፣ በማንዱራ፣ በቡለን ያስተማራችሁ መምህራን ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክፍሉ ተዘግቶ ሳለ ልጆች ሰብስባችሁ ያስነበባችሁ፣ በየቤቱ እየዞራችሁ መጽሐፍ ያደላችሁ፣ ወይም ልጆች ራሳቸው ተሰባስበው ሲማሩ ያያችሁ ጻፉልኝ። የት ተቀመጡ፣ ማን ማንን አስተማረ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ሴቶቹ መጡ ወይ? ሞክራችሁ ያልተሳካላችሁም ጻፉ።